ለሁሉም እንጸልያለን፣ ድምፁ ግን የየራሳችን ነው

የአሜሪካ ምርጫ በተቃረበ ቁጥር በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ባሉ የአበሻ አብያተ ክርስቲያናት ደጃፍ «አባ፣ የትኛውን እንምረጥ?» የሚል ጥያቄ ይሰማል። ጠያቂው ሌሊቱን ኡበር ሲነዳ ያደረ ወይም ከአረጋውያን መንከባከቢያ ሺፍት ወጥቶ በቀጥታ ወደ ቅዳሴ የመጣ ሰው ይሆናል። ስለ ዕጩዎቹ የሚያነብበት ጊዜ ስለሌለው የሚያምነውን ሰው ይጠይቃል። አይፈረድበትም። ካህኑም ሆኑ ፓስተሩ ባይመልሱለት ግን እመርጣለሁ። ከግብር ነፃ የሆነ ቤተ ክርስቲያን ዕጩ ደግፎ እንዳይቀሰቅስ የሚከለክል ሕግ ከ1954 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለ፤ እስከ ዛሬም ይከራከሩበታል። ሕጉ ባይኖርም አሳቤ አይለወጥም፤ ለመሪ መጸለይና መሪ መምረጥ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸውና።

ሐዋርያው ጳውሎስ ስለ ነገሥታትና ስለ ባለ ሥልጣናት ሁሉ እንዲጸለይ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ዙፋኑ ላይ የነበረው ኔሮን እንደሆነ በትውፊት ይነገራል። የክርስቲያን ወዳጅ አልነበረም። በ197 ገደማ የካርቴጁ ጠርጡሊያኖስ ለሮም ሹማምንት በጻፈው መከላከያም ክርስቲያኖች ለቄሣር ዕድሜና ለግዛቱ ሰላም እንደሚለምኑ፣ አምላክ ብለው ግን እንደማይጠሩት አስረድቷል። ስለዚህ ለፕሬዚዳንቱ፣ ለገዥው፣ ለከንቲባው ስትጸልዩ ማንንም መደገፋችሁ አይደለም። ጸሎቱንም ውጤቱ እስኪታወቅ አታቆዩት። የማትወዱትን ዕጩ ስም ጠርታችሁ መጸለይ ካቃታችሁ ስለ እሱ የምታውቁት ከየት እንደመጣ መርምሩ፤ ምናልባት ሁሉም ከአንድ የቴሌግራም ቻናል ነው።

አሁን ወደ ድምፁ። በኅሊና መምረጥ ማለት የተሰማን ስሜት ላይ ምልክት ማድረግ ብቻ ከመሰለን ተሳስተናል። ኅሊና ዕውቀት ይፈልጋል፤ መጀመሪያ መታወቅ ያለበትም የምትመርጡት ወንበር ምን ሥልጣን እንዳለው ነው። የ2021ን የቨርጂኒያ ገዥ ምርጫ አስታውሱ። የባይደን አስተዳደር በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ላይ በያዘው አቋም የተቆጡ ብዙ ኢትዮጵያውያን ለሪፐብሊካኑ ግሌን ያንግኪን ቀሰቀሱ፤ እሱም ዴሞክራቱን ቴሪ ማክኦሊፍን አሸነፈ። በዚያው በምርጫው ቀን፣ ኖቬምበር 2፣ ባይደን ኢትዮጵያ ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድሉ ከአጎዋ እንደምትወጣ ለኮንግረስ አስታወቁ። አጎዋን የሚሰጠውም የሚነሣውም ዋይት ሐውስ እንጂ የቨርጂኒያ ዋና ከተማ ሪችመንድ አይደለም። ያንን ድምፅ ለባይደን ፓርቲ ማስጠንቀቂያ ይሁን ብሎ አውቆ የሰጠ ሰው በኅሊናው መርጧል፤ አልነቅፈውም። ገዥው አጎዋን ያስመልስልናል ብሎ የመረጠ ግን ለልጁ ትምህርት ቤት፣ ለሚነዳበት መንገድ፣ ለእናቱ ሜዲኬይድ ማን እንደሚሻል ሳይጠይቅ ቀርቷል። የገዥው እጅ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ከወረቀቱ ግርጌ ያሉት ወንበሮችም አይናቁ። የትምህርት ቦርድ አባልና ሸሪፍ ከሴናተር ይልቅ ለኑሯችን ይቀርባሉ። የናሙናውን ወረቀት ከምርጫ ቢሮው ድረ ገጽ አውርዳችሁ ቤት ምልክት አድርጉበት። ኅሊናችሁ ሁለቱንም ዕጩ ካልተቀበለ ያንን ወንበር ባዶ መተው ትችላላችሁ፤ የቀረው ድምፃችሁ ይቆጠራል።

ሥራ የሚበዛበት ሰው ማክሰኞን አይጠብቅ። በቨርጂኒያ በአካል ቀርቦ መምረጥ የሚጀመረው 45 ቀን ሲቀረው ነው፤ በሜሪላንድ ስምንት ቀን ይሰጣል፤ ዲሲ ወረቀቱን ለተመዘገበው መራጭ በፖስታ ትልካለች። በዕለቱ ካልሆነ አይመቸኝም የምትሉ የዲሲ ሠራተኞች ቢያንስ ሁለት ሰዓት ከነክፍያው የመጠየቅ መብት አላችሁ። በሜሪላንድም ጣቢያው ክፍት በሆነበት ጊዜ ሁለት ተከታታይ ነፃ ሰዓት ለሌለው ሠራተኛ አሠሪው እስከ ሁለት ሰዓት ይፈቅዳል፤ መምረጣችሁን የሚያሳይ ማስረጃ ይዛችሁ ተመለሱ። ለአለቃችሁ ቀደም ብላችሁ በጽሑፍ ንገሩ፤ በዕለቱ ጠዋት ስልክ መደወል ጠብ ያመጣል። ጣቢያው ሳይዘጋ ሰልፍ ከያዛችሁ ሰዓቱ ቢያልፍም ትመርጣላችሁ።

እንግሊዝኛ ማንበብ የሚቸግራቸው እናት ወይም አባት ካሏችሁ የፌዴራሉ የምርጫ መብት ሕግ የሚያግዛቸውን ሰው ራሳቸው እንዲመርጡ ይፈቅድላቸዋል። አሠሪያቸው ወይም የሠራተኛ ማኅበራቸው ወኪል ግን ረዳት መሆን አይችልም። ልጅ ሆናችሁ አብራችሁ ስትገቡ እሳቸው ያሉትን እንጂ እናንተ የምትወዱትን አትሙሉ። ይህ ፈተና የሚመጣው ከጥላቻ ሳይሆን ከፍቅር ስለሆነ አደገኛ ነው፤ «እማዬ አልገባትም» እያለ የእናቱን ድምፅ ሁለተኛ ድምፁ ያደረገ አይጠፋም።

የመጨረሻው ጉዳይ የግሪን ካርድ ነው። በሜሪላንድ ያለችውን ታኮማ ፓርክን የመሰሉ ጥቂት ከተሞች ለከተማቸው ምርጫ ብቻ ዜጋ ላልሆነም ይፈቅዳሉ። በፌዴራል ምርጫ ግን ዜጋ ያልሆነ ሰው ድምፅ ከሰጠ ወንጀል ነው፤ ከአገር እስከ መባረር ያደርሳል። መንጃ ፈቃድ ስታወጡ «መራጭ ሆነው መመዝገብ ይፈልጋሉ?» ሲባል በጨዋነት እሺ ማለት ብቻ የዜግነት ማመልከቻን ሊያበላሽ ይችላል። ያልገባችሁን ቅጽ አትፈርሙ፤ ሳታውቁ ተመዝግባችሁ ከሆነ ማመልከቻውን ከማስገባታችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ። እንዲህ ያለውን ወንድም ወይም እኅት ከቅዳሴ በኋላ «አልመረጥሽም እንዴ?» እያልን አናስጨንቅ። ለመሪዎች መጸለይ፣ ለአካባቢያቸው ተመራጭ ደብዳቤ መጻፍ፣ በትምህርት ቤቱ የወላጆች ስብሰባ ተገኝቶ መናገር ይችላሉ፤ ለዚህ ዜግነት አይጠየቅም።