«ለቆርቆሮ ብቻ»

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰው የመሬት ናዳ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ቀጥፏል። የተቀበሩትን ለማውጣት የተሯሯጡት ጭምር በተከታዩ ናዳ ተውጠዋል። በዚያ ሰሞን ከጁሙዓ ሰላት በኋላ ቤት ላጡት እርዳታ ሲሰበሰብ አንድ አባት ብር ሰጡና «ልጄ፣ ይህ ለቆርቆሮ ብቻ ነው፤ ለቢሮና ለአበል ብትነኩት አላህ ይጠይቃችኋል» አሉ። ሰብሳቢው «እሺ» ብሎ ተቀበለ። እኔም ያን ቀን በልቤ ደግፌያቸው ነበር። ዛሬ የምደግፋቸው በግማሹ ነው።

ሰጪ ያስቀመጠው ሸርጥ አማና ነው። የፊቅህ ሊቃውንት በወቅፍ ላይ የሰጪውን ሸርጥ መጠበቅ ግዴታ ያደርጉታል። ለጋሽ ለቤት ሥራ ብሎ የፈረመበትን ገንዘብ ድርጅቱ ሳያስፈቅድ ለእህል ቢያውለው፣ ዓላማው ቢያምርም ውል አፍርሷል። እስከዚህ አባታችን ልክ ናቸው።

ግን ናዳ በወረደበት ተዳፋት ላይ መልሶ ቆርቆሮ መምታት ለሚመጣው ክረምት ቀብር መቆፈር አይሆንም? ሌላ ቦታ ይፈለጋል፤ ቦታው ከናዳ የራቀ መሆኑን ባለሙያ ማጥናት አለበት። በአገራችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ የይዞታ ወረቀት መጨረስ አለ። ቤት ያጣውን ካላጣው ለይቶ የሚመዘግብም ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ቆርቆሮ አይደለም፤ ያለ እርሱ ግን ቤት የለም።

ዑመር (ረ.ዐ.) በኸይበር ያገኙትን መሬት በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ምክር ወቅፍ ሲያደርጉ፣ የሚያስተዳድረው ሰው ሀብት ሳያካብት በአግባቡ ከፍሬው ቢበላ ኃጢአት እንደሌለበት ሸርጥ ውስጥ አስገብተዋል። በሱረቱ አት-ተውባ ቁጥር 60 ከተዘረዘሩት ስምንት የዘካ ባለመብቶች መካከልም የዘካ ሠራተኞች አሉበት። የአገራችን አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ደግሞ የበጎ አድራጎት ድርጅት አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድባል። በቀጥታ ለፕሮጀክቱ ሥራ የሚወጣው ግን ከዚህ አይቆጠርም፤ ቦታውን የሚያጠናው ባለሙያ ክፍያ «የቢሮ ወጪ» አይደለም ማለት ነው።

ዘካ ሲሆን ጉዳዩ ይጠብቃል። አብዛኞቹ ሊቃውንት ዘካ ለተቀባዩ በባለቤትነት እንዲሰጥ ይጠይቃሉ። ስለዚህ በዘካ የተሠራ ቤት የድሃው ይሁን እንጂ ድርጅቱ በስሙ ይዞ የሚያከራየው አይሆንም። ሰደቃ ሙስሊም ላልሆነ ጎረቤትም ይሰጣል፤ በዘካ ግን አብዛኞቹ አይፈቅዱም። እንግዲህ የጎፋን ዓይነት የተደባለቀ ሕዝብ የሚረዳ ድርጅት ዘካውን፣ ሰደቃውንና የለጋሽን የፕሮጀክት ገንዘብ በአንድ የባንክ ሒሳብ ከቀላቀለ፣ ኋላ ማንኛው ብር ምን እንደሠራ ኦዲተርም አይለየውም፤ እርሱ ራሱም አይለየውም።

ያ ሰብሳቢ «እሺ» ከማለቱ በፊት «አባቴ፣ ቆርቆሮው የሚመታበትን መሬት ለማስጠናት ከዚህ ይፈቅዱልናል?» ቢላቸው ኖሮ፣ እምቢ የሚሉ ሰው አልመሰሉኝም።