የንግድ ማስታወቂያ አጻጻፍ

ሀ. መግቢያ

ማስታወቂያ ማለት አንድን ጉዳይ ለብዙ ሰዎች በአጭሩ የሚያሳውቅ መልእክት ነው። ማስታወቂያ የግድ በጽሑፍ ብቻ አይነገርም። ጠላ የምትሸጥ ሴት በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ደፍታ በደጇ ታቆማለች፤ መንገደኛውም ያንን አይቶ «እዚህ ቤት ጠላ አለ» ብሎ ይገባል። ምልክቱ አንድም ቃል የለበትም፤ ወጪውም ከአንድ አሮጌ ጣሳ አያልፍም። ነገር ግን ጠላው ካለቀ በኋላ ጣሳው እዚያው ቢቆይ፣ መንገደኛው ገብቶ ሳይጠጣ ይመለሳል፤ በሌላ ቀንም ምልክቱን አያምነውም። ከዚህ የምንረዳው፣ ማስታወቂያ ለሕዝብ የተሰጠ ቃል መሆኑን ነው።

ለ. ምንባብ

አንዲት ልብስ ሰፊ በደብረ ብርሃን ከተማ፣ በገበያው አጠገብ ጠባብ ክፍል ተከራይታ ሥራ ጀመረች እንበል። ያላት ሀብት አንድ የስፌት መኪናና የእጇ ሙያ ብቻ ነው። የቤት ኪራይ በየወሩ ይጠብቃታል፤ በሬዲዮ ወይም በቴሌቪዥን ለማስነገር ግን አቅም የላትም። ታዲያ ምን ታድርግ?

አንደኛ፣ ከሩቅ የሚነበብ ሰሌዳ በደጃፏ ትስቀል። ሁለተኛ፣ ሰው ተራ በሚጠብቅባቸው ስፍራዎች፣ ለምሳሌ በወፍጮ ቤት፣ ባለቤቱን አስፈቅዳ አጭር ጽሑፍ ትለጥፍ። ሦስተኛ፣ ጊዜ ትምረጥ፤ ትምህርት በመስከረም ስለሚጀመር የደንብ ልብስ ማስታወቂያ በነሐሴ መውጣት ይኖርበታል። አራተኛ፣ ምራቂ አትርሳ። እህል ሻጭ ሰፍሮ ከጨረሰ በኋላ በእጁ ዘግኖ እንደሚጨምር ሁሉ፣ እርሷም ሱሪ ለማሳጠር የመጣውን ሰው የላላ ቁልፍ ብትተክልለት፣ ወጪዋ ጥቂት ክርና ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ሰውየው ግን ለጎረቤቱ ሳያወራላት አይቀርም። አምስተኛ፣ የሰፋችውን ልብስ ፎቶግራፍ በቴሌግራም ለደንበኞቿ ትላክ።

ሐ. ሁለት ማስታወቂያዎች

ከዚህ በታች የቀረቡትን ማስታወቂያዎች አንብባችሁ አነጻጽሩ።

1. «በዓለም ተወዳዳሪ የሌለው፣ እጅግ ዘመናዊና አስደናቂ የልብስ ስፌት በማይታመን ዋጋ! ፈጥነው ይምጡ!»

2. «የተማሪዎች የደንብ ልብስ በልክ እንሰፋለን፤ የተቀደደ ልብስ እንጠግናለን። ሰኞ ያዘዙትን ሐሙስ ይረከባሉ። ከቀኑ ካሳለፍን የስፌቱን ዋጋ በግማሽ እንቀንሳለን። አድራሻችን ከገበያው በር ፊት ለፊት፣ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ክፍት ነው።»

መ. ማብራሪያ

የመጀመሪያው ማስታወቂያ በቅጽሎችና በገላጭ ሐረጎች የተሞላ ነው። ቅጽል የስምን ጠባይ ይገልጻል፤ ነገር ግን አንባቢው ሊያረጋግጠው የማይችል ቅጽል ምንም ነገር አይገልጽለትም። «የማይታመን ዋጋ» የሚለውን ሐረግ ልብ በሉ። በቀጥታ ሲፈታ፣ ሰው ሊያምነው የማይችለው ዋጋ ማለት ነው። እንዲህ ብሎ የሚጽፍ ነጋዴ ሳያውቀው «አትመኑኝ» ይላል። ከዚህም በላይ ጽሑፉ ሥራው የት፣ መቼና በስንት ቀን እንደሚሠራ አይናገርም።

ሁለተኛው ማስታወቂያ በግሦችና በቁጥሮች ላይ የቆመ ነው። «እንሰፋለን»፣ «እንጠግናለን» የሚሉት ግሦች ሠሪዋ አንዲት ሴት ብትሆንም በብዙ ቁጥር ተነግረዋል፤ ይህ በንግድ ማስታወቂያ የተለመደ ነው። «ይረከባሉ» የሚለው ደግሞ ደንበኛውን በአክብሮት፣ «እርስዎ» ብሎ የሚያነጋግር ነው። እነዚህ ግሦች ከቀን ጋር ሲጣመሩ ቃል ኪዳን ይሆናሉ። ስለዚህ ልብስ ሰፊዋ «ሐሙስ» ብላ ከመጻፏ በፊት በ3 ቀን ውስጥ ስንት ልብስ ልትጨርስ እንደምትችል መቁጠር አለባት። የማይበቃት እንደሆነ «ቅዳሜ» ብላ ትጻፍ። ቀኑ በመርዘሙ አንዳንድ ደንበኛ ይቀርባት ይሆናል፤ ቃሏን ብታፈርስ ግን የመጣውም አይመለስም። ልጁ ያለ ደንብ ልብስ ትምህርት የጀመረበት አባት የሚያወራው፣ በሰሌዳው ላይ ከተጻፈው ይልቅ በሰፈሩ ይሰማል።

ይህ የሕግም ጉዳይ ነው፤ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ከልክሏል።

ሠ. መልመጃ

1. በመጀመሪያው ማስታወቂያ ውስጥ ያሉትን ቅጽሎችና ገላጭ ሐረጎች አውጥታችሁ ጻፉ። ከእነዚህ መካከል አንባቢው ሊያረጋግጠው የሚችል አለን? መልሳችሁን በምክንያት አስረዱ።

2. የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች በግልጽ ግሥ፣ በቁጥርና በጊዜ አስተካክላችሁ ጻፉ።
   ሀ) ፈጣን የጫማ ጥገና አለን።
   ለ) ሁልጊዜ ትኩስ ዳቦ እናቀርባለን።

3. በአካባቢያችሁ ካሉት አነስተኛ የሥራ ቦታዎች አንዱን ምረጡ። ባለቤቱ ምን እንደሚሠሩ፣ በስንት ብርና በስንት ቀን እንደሚያደርሱ በትሕትና ጠይቁ። ከዚያም ከ40 ቃላት ያልበለጠ ማስታወቂያ ጻፉላቸው።

4. የጻፋችሁትን ለባለቤቱ አንብቡላቸው። «ይህን እንኳ መፈጸም አልችልም» ያሉትን ቃል ሁሉ ሰርዙ፤ የቀረውን በንጹሕ ወረቀት ገልብጣችሁ ስጧቸው።