«ትምህርት ቤቱ በር ስደርስ ልቤ ይመታል»

«የ17 ዓመት ልጅ ነኝ፤ 11ኛ ክፍል እማራለሁ። ዘንድሮ ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ መጥተን ትምህርት ቤት ቀየርኩ። ኅዳር ላይ አንድ መምህር አስነሥቶ የእንግሊዝኛ ምንባብ ሲያስነብበኝ ድምፄ ተቆራረጠ፤ ክፍሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሆዴን ይቆርጠኛል፤ በሩ ጋ ስደርስ ልቤ ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ። መጀመሪያ ያንን ክፍለ ጊዜ ብቻ እፎርፍ ነበር፤ አሁን ዩኒፎርሜን ለብሼ እወጣና ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውዬ እመለሳለሁ። ሦስት ሳምንት ሊሞላኝ ነው። ወንድሜ አምና የ12ኛ ክፍል ፈተና አላለፈም፤ የእናቴ ተስፋ እኔ ነኝ። ብነግራት ‹ሰንፈሽ ነው› ትለኛለች ብዬ ፈራሁ። ምን ላድርግ?

ስሜ ይቆየኝ፣ ከአዲስ አበባ»

ልጄ፣ ሰነፍ ሰው በየጠዋቱ ዩኒፎርም ለብሶ እስከ ትምህርት ቤት በር አይመላለስም። አንቺን የያዘሽ ፍርሃት ነው። አእምሮ አደጋ መጣ ብሎ ሲያምን አድሬናሊን የተባለው ንጥረ ነገር ደም ውስጥ ይለቀቃል፤ ልብ ይፈጥናል፣ ሆድ ይታወካል። ትንፋሽ ቶሎ ቶሎ ሲወጣ ደግሞ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንስና ጣት ይደነዝዛል። ሕመምሽ የማስመሰል አይደለም። ቢያስፈራም አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ገደማ በርትቶ መብረድ ይጀምራል።

አንቺ ግን ሲበርድ አይተሽው አታውቂም፤ ቀድመሽ ከበሩ ትመለሻለሽና። ስትመለሺ እፎይ ትያለሽ፤ ፍርሃቱን የሚያሳድገውም ይኸው እፎይታ ነው። አእምሮሽ «ያዳነኝ መሸሼ ነው» ብሎ ይይዝና በማግስቱ አብልጦ ያስፈራሻል። የአንድ ክፍለ ጊዜ ፍርሃት የመላው ትምህርት ቤት ፍርሃት የሆነው በዚህ መንገድ ነው። እስኪሻልሽ ብለሽ መቅረትሽ ነገሩን ያባብሰዋል። መመለስ አለብሽ፤ ግን ደረጃ በደረጃ፣ ብቻሽንም ሳትሆኚ።

በመጀመሪያ ለእናትሽ ንገሪ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ማታ ሥራዋ ቀለል ሲላት «እማዬ፣ ትምህርት ጠልቼ አይደለም፤ በሩ ጋ ስደርስ ያመኛል፤ ሦስት ሳምንት አልገባሁም፤ እርጂኝ» በያት። ቃል ካጠረሽ ይህን ገጽ ስጫት።

እኅቴ፣ እርስዎም ይህን ካነበቡ፣ በመዋሸቷ ከመቆጣትዎ በፊት ሕመሟን ይስሙ። ቤት እንድትውል አይፍቀዱላት፤ እየጎተቱም አያስገቧት፤ አብረዋት ይሂዱ። የወንድሟን ውጤት እሷ ላይ አይጫኑት። ፈተናው የብዙ ቤት ልጆችን ጥሏል፤ በ2015 ዓ.ም. ይፋ በሆነው የ12ኛ ክፍል ውጤት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶው ብቻ ነበሩ። የቤተሰቡን ሁሉ ተስፋ አንዲት ልጅ ብቻዋን ልትሸከም አይገባም።

ቀጥላችሁ አንቺና እናትሽ አብራችሁ ወደ ክፍል ኃላፊ መምህርሽ፣ ካለም ወደ ትምህርት ቤቱ የምክር አገልግሎት ሂዱ። ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ለጊዜው ሳትዘጋጂ ተነሥተሽ እንዳታነቢ፣ ሲብስብሽ ጥቂት ደቂቃ አረፍ የምትይበት ቦታ እንዲሰጥሽ፣ ያመለጠሽ ትምህርት ያለበትን ደብተር የምታውስሽ ተማሪ እንድትገኝ። ልጆቹ ዛሬም የሚያሾፉብሽ ከሆነ እሱንም ተናገሪ። ያንን ማስቆም የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው።

ከዚያ በትንሹ ጀምሪ። ተማሪዎች ከወጡ በኋላ ከእናትሽ ጋር ግቢው ውስጥ ተቀመጪ። ቀጥሎ የምትወጂውን አንድ ክፍለ ጊዜ ተማሪ፤ ከዚያ ግማሽ ቀን፣ ከዚያ ሙሉ ቀን። ምንባቡንም መጀመሪያ ለወንድምሽ፣ ቀጥሎ ለመምህሩ ብቻ፣ ከዚያ አንዲት ጓደኛ ባለችበት፣ በመጨረሻ ለክፍሉ አንብቢ። በየደረጃው ፍርሃቱ እስኪበርድ ቆዪ፤ ቢከብድሽ አንድ ደረጃ ዝቅ በይ እንጂ ወደ ቤት አትመለሺ። ልብሽ ሲመታ እስከ አራት እየቆጠርሽ በአፍንጫሽ አየር ሳቢ፣ እስከ ስድስት እየቆጠርሽ ቀስ ብለሽ አውጪ። ጠዋት በባዶ ሆድ ቡና አትጠጪ፤ የልብ ምቱን ያባብሰዋል።

ጤና ጣቢያም ሂዱ፤ የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ችግር ልብን ሊያስመቱ ይችላሉና ይታይልሽ። በሳምንታት ውስጥ ለውጥ ካላየሽ ወደ ሥነ ልቦና ወይም የአእምሮ ጤና ባለሙያ እንዲልኩሽ ጠይቂ፤ አዲስ አበባ ውስጥ የአማኑኤል ሆስፒታልን ጨምሮ የአእምሮ ሕክምና የሚሰጡ ተቋማት አሉ። የፈሩትን ጥቂት በጥቂት እየለመዱ የሚታከሙበት የንግግር ሕክምና ለጭንቀት ውጤታማ ነው። ጠበሉም ጸሎቱም ከሕክምናው ጋር አይጣሉም። ሞትን የሚያስመኝ ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በዚያው ቀን ለምታምኚው አዋቂ ተናግረሽ ወደ ቅርብ ሆስፒታል ሂዱ።

የሦስት ሳምንት ትምህርት ይካካሳል፤ መመለሱ ግን በዘገየ ቁጥር ይከብዳል። ሰኞን አትጠብቂ፣ ልጄ፤ ዛሬ ማታ ለእናትሽ ንገሪ።