የቤት ፕላን በኮምፒውተር ሲተላለፍ ነጋዴ ሊጠነቀቅ ስለሚገባው

ነጋዴ ዕቃ ሲረከብ ቁጥሩንና ክብደቱን ሳያጣራ አይፈርምም። የመደብሩን ወይም የመጋዘኑን ፕላን ሲረከብ ግን ብዙ ጊዜ በእምነት ብቻ ይቀበላል። ነገር ግን በኮምፒውተር የተሠራ ፕላን ከአንድ ባለሙያ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ሊጎድል ወይም ሊለወጥ ስለሚችል፥ ይህም እንደ ሸቀጥ ርክክብ ጥንቃቄ ያሻዋል።

ለምሳሌ በቡኢ ከተማ መደብር የሚያሠራ ሰው ቢኖር፥ አርክቴክቱ በአርኪካድ ወይም በሬቪት፥ መሐንዲሱ ደግሞ በአውቶካድ ይሠሩ ይሆናል። እነዚህ ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው የፋይል ዓይነት አላቸው።

የአውቶካድ ፋይል ዲ.ደብሊው.ጂ. ይባላል። ለሌሎች ፕሮግራሞች መለዋወጫ እንዲሆን እ.ኤ.አ. በ1982 ዓ.ም. ዲ.ኤክስ.ኤፍ. የተባለው ፋይል ወጣ። በሬቪት ግድግዳ የነበረው ነገር ወደ እነዚህ ሲለወጥ ብዙ ጊዜ መስመር ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ከምን እንደሚሠራ የሚገልጸው ቃል አይከተለውም። እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም. በቁጥር 16739 ዓለም አቀፍ ደረጃ የሆነው አይ.ኤፍ.ሲ. ግን ግድግዳውን ግድግዳ፥ በሩን በር ብሎ ያስተላልፋል። ስለዚህ የዕቃ ብዛት ለሚያሰላ ሰው ይህ ይሻላል።

ኪሣራ የሚያመጡት ስሕተቶች በተለይ አራት ናቸው።

አንደኛ፤ የመለኪያ ልዩነት ነው። አንዱ በሜትር 6.20 ብሎ የሣለውን ሌላው በሚሊሜትር 6200 ብሎ ይሥላል። ኢንችና ሚሊሜትር ከተደባለቁ ልዩነቱ 25.4 እጥፍ ነው።

ሁለተኛ፤ የፕሮግራሙ ዕድሜ ነው። በአዲስ ሬቪት የተቀመጠ ፋይል በአሮጌው አይከፈትም።

ሦስተኛ፤ ጽሕፈት ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1999 ዓ.ም. ሲሆን፥ ከዚያ በፊት በነበረው ዓይነት ፊደል የተጻፈ የአማርኛ ማስታወሻ ያ ፊደል በሌለበት ኮምፒውተር የማይነበብ ምልክት ይሆናል።

አራተኛ፤ ኅትመት ነው። በኤ1 ወረቀት በ1፡100 የተዘጋጀ ፕላን በኤ3 ቢታተም 1፡200 ይሆናል። በዚህ ወረቀት ላይ በማስመሪያ ለክቶ መስተዋትና አሉሚኒየም ያዘዘ ሰው ግማሽ ልክ ያዛል፤ በልክ የተቆረጠ መስተዋት ደግሞ ገዢ አያገኝም።

እንግዲህ መድኃኒቱ ቀላል ነው። ውል ሲፈረም የፋይሉ ዓይነት፥ የፕሮግራሙ ዕትምና መለኪያው ይጻፍ። ከዋናው ፋይል ጋር ሊለወጥ የማይገባው ፒ.ዲ.ኤፍ. ቅጂ ይጠየቅ። ፋይሉን የተቀበለው ባለሙያ የአንዱን በር ወርድ ወይም የአንዱን ክፍል ርዝመት ለክቶ ከፒ.ዲ.ኤፍ. ላይ ከተጻፈው ቁጥር ጋር ያስተያይ። ሁለቱ ካልተስማሙ፥ ዕቃ ከመታዘዙና የመጨረሻው ክፍያ ከመፈጸሙ አስቀድሞ ፕላኑ ወደ ሠሪው ይመለስ።