ከሰንጋ ተራ እስከ ብሔራዊ ቴአትር

በዓል ላይ የተሰበሰበ ዘመድ አዝማድ የኮሌጅ ተማሪ ሲያገኝ ጥያቄው አንድ ነው፦ "ምንድን ነው የምታጠኚው?" መልሱ ከአፍሽ እንደወጣ ፍርዱ ይከተላል። አካውንቲንግ ካልሽ እዚያው ባንክ ቤት ይቀጥሩሻል። ሲቪል ምህንድስና ካልሽ "ኮንስትራክሽኑ ቀዝቅዟል ሲሉ ሰማሁ" የሚል አጎት አይጠፋም። ሶሺዮሎጂ ካልሽማ ዶሮ ወጡ ላይ አጭር ዝምታ ይወርዳል። አንቺም ፈገግ ብለሽ ወደ እንጀራሽ ትመለሻለሽ፤ ምክንያቱም ስትጨርሺ ምን እንደምትሆኚ አንቺም ራስሽ ገና አታውቂም። (ወንድሜ፣ ለሴት ብጽፈውም ላንተም ነውና አትዝለለው።)

ደስ የሚለው ነገር ይህ አለማወቅ የጤና ነው። በ20 ዓመቷ የሕይወቷን መንገድ በሙሉ የወሰነች ሰው ካየሽ አትቅኚባት። የሚጎዳው አልጋ ላይ ተጋድሞ በማሰብ ብቻ መልሱ ይመጣል ብሎ መጠበቅ ነው። ሙያ ሄዶ ይታያል፣ ይሸተታል፣ ትንሽ ይሞከራል። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የምትኖሪ ወይም የምትማሪ ከሆነ ደግሞ ዕድለኛ ነሽ፤ የአገሪቱ ሙያ ግማሹ በእግርሽ የሚደረስ ነው።

ከሩቅ ከመጀመር እዚሁ ሰፈር ከተማረው ባለቅኔና ጸሐፌ ተውኔት ከጸጋዬ ገብረ መድኅን ልጀምር። ሎሬቱን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ የሄደበትን መንገድ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። በ1928 ዓ.ም. አምቦ አቅራቢያ የተወለደው ልጅ አዲስ አበባ መጥቶ የተማረው የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ነው፤ ዛሬ ኮሜርስ የምንለው የሰንጋ ተራው ኮሌጅ የዚያ ትምህርት ቤት ወራሽ ነው። ከዚያ ንግዱን ትቶ ሕግ አጠና፤ ቺካጎ ከሚገኘው ብላክስቶን የሕግ ትምህርት ቤት ተመረቀ። ዘመዶቹ "በቃ፣ ጠበቃ ወጣልን" ቢሉ አይፈረድባቸውም ነበር። እሱ ግን አውሮፓ ተሻግሮ ለንደን በሮያል ኮርት፣ ፓሪስ በኮሜዲ ፍራንሴዝ ቴአትር አጠና። ሲመለስ የዛሬውን ብሔራዊ ቴአትር መራ፤ ሐምሌትንና ኦቴሎን በአማርኛ አናገረ፤ በ1958 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማትን በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ሲቀበል ገና 30 ዓመት አልሞላውም።

ንግድ፣ ሕግ፣ ቴአትር። ከሰንጋ ተራ ተነስተሽ ብሔራዊ ቴአትር ለመድረስ ላብ እንኳን አያወጣሽም፤ እሱ ግን በለንደንና በፓሪስ ዞሮ ነው የደረሰው።

ብቻውን አይደለም። ሙዚቀኛው ሙላቱ አስታጥቄ ዌልስ የተላከው ምህንድስና እንዲማር ነበር፤ የተመለሰው ኢትዮ-ጃዝን ይዞ ነው። ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌም ወደ እንግሊዝ ያመራው የማዕድን ምህንድስና ሊያጠና ነበር፤ የአፍሪካ አዳራሽን የመስታወት ሥዕል ያየ ሰው ቀሪውን ታሪክ ያውቀዋል። ልብ በይ፤ ሦስቱም መንገድ የቀየሩት ቁጭ ብለው ሳይሆን እየተማሩ፣ አዲሱን ነገር ቀምሰው ነው። ስንፍናን "ራሴን እየፈለግሁ ነው" ብሎ መሰየም ሌላ ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ አንቺ። ዘመኑ ተቀይሯል፤ የአውሮፕላን ትኬት ይዞ የሚጠብቅሽ የለም። ዲፓርትመንቱንም ብዙ ጊዜ የምትመርጪው አንቺ ብቻ አይደለሽም፤ የፍሬሽማን ውጤትሽና ምደባው አብረው ይወስኑታል። አንደኛ ምርጫሽ ያልነበረ ቦታ ተመድበሽ ከሆነ መጀመሪያ የምልሽ፦ በብስጭት አታቋርጪ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና አለ፤ 50 ከመቶ ካላመጣሽ ዲግሪው እጅሽ አይገባም። የማትወጂውንም ትምህርት ቢሆን እሱን ለማለፍ በሚበቃ ልክ አጥኚው። ዲግሪው አንዴ እጅሽ ከገባ በሩ ብዙ ነው፤ በማስተርስ ወደ ሌላ መስክ የሚሻገር ሰው ሞልቷል። የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናው እንዳለ አትርሺ እንጂ።

ጎን ለጎን ሁለተኛ እጅ አብጂ። ተግባረ እድ ቅርብሽ ነው። ከ1930ዎቹ ጀምሮ የእጅ ሙያ ሲያስተምር የኖረ ቤት ነው፤ እኛ ግን "ውጤት ያልመጣለት የሚሄድበት" እያልን ስሙን አጠፋን። እኔ በዚህ ነገር ቶሎ ነው የምናደደው። በአካውንቲንግ ተመርቃ ኤሌክትሪክ መዘርጋት የምትችል ልጅ ሥራ ብታጣ ንገሪኝ። በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የሚሰጡ አጫጭር ሥልጠናዎችን ለክረምት ጠይቂ። ኮምፒውተር ከቀናሽም በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በነጻ ነው፤ የሚያስፈልግሽ ኢንተርኔትና ጽናት ነው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይወደዳል።

ከሁሉም በላይ ግን እግርሽን ተጠቀሚ። ሥነ ሕንጻ ያምርሻል? ልደታ ያለው ህንጻ ኮሌጅ ተማሪዎች ሲወጡ ጠብቂና ስንት ሌሊት ሞዴል ሲሠሩ እንደሚያነጉ ጠይቂያቸው። ሐኪም መሆን? ጥቁር አንበሳ አካባቢ ነጭ ገዋን የለበሰ ተማሪ ቡና ሲጠጣ አይጠፋም፤ ቡናውን ጋብዢውና አድምጪ። ንግድ? መርካቶ እግርሽ ሥር ናት፤ አንድ ጅምላ ሱቅ ውስጥ የክረምት ሥራ ለምኚ፤ ገንዘቡ ትንሽ ቢሆንም ደረሰኝ፣ ዱቤና ደንበኛ ምን እንደሆኑ ታያለሽ። ጥያቄሽ "ሙያህን ትወደዋለህ?" አይሁን፤ ሁሉም ሰው ለእንግዳ አዎ ይላል። "ትናንት ከምሳ በኋላ ምን ስትሠራ ዋልክ?" ብለሽ ጠይቂ። መልሱን ስትሰሚ ልብሽ ብድግ ካለ ጥሩ፤ ካዛጋሽም ጥሩ፤ አንድ መስክ ከዝርዝርሽ ወጣ ማለት ነው።

ሕግ የምታስቢ ከሆነማ ሥራሽ ቀሏል። የሕግ ትምህርት 5 ዓመት ነው፤ ልደታ ፍርድ ቤት ግን ከተክለ ሃይማኖት በቅርብ ርቀት አለ፤ ችሎት ደግሞ ዳኛው በልዩ ምክንያት ካልዘጋው በስተቀር ለሕዝብ ክፍት ነው። አንድ ጠዋት ትምህርት በሌለሽ ቀን ሂጂ። መታወቂያ ያዢ፣ በሩ ላይ ፍተሻ አለ፤ ስልክሽን አጥፊ። ኋላ ወንበር ላይ ቁጭ በይና ምስክር ሲጠየቅ፣ ቀጠሮ ሲራዘም፣ ጠበቃው መዝገብ ሲያገላብጥ እይ። ቀጠሮ ሲራዘም ብዙ ታያለሽ፤ ያም የሙያው አካል ነው።