የስሜን ተራሮች በአራቱ ወቅቶች

ጎንደር ፒያሳ ላይ ሻይ ይዘን ስንጫወት ከመካከላችን አንዱ «ስሜንን ለማየት መቼ ቢኬድ ይሻላል?» ብሎ የጠየቀ እንደ ሆነ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው። «በበጋ ነዋ! መንገዱ ደረቅ፥ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው» ይባላል። ይህ መልስ ለመኪናውና ለፎቶግራፉ ትክክል ነው። ተራራውን ለማወቅ ለሚሻ ተማሪ ግን ግማሽ መልስ ነው። በበጋ ብቻ ሄዶ የተመለሰ ሰው አገሩን ያየው በተራበበት ወራት ነው። ሣሩ ከየት እንደ መጣ፥ እንስሳው በምን እንደ ከረመ፥ ገበሬውና ፓርኩ በምን እንደማይስማሙ ሳይረዳ ይቀራል። ስለዚህ በዚህች አጭር ጽሑፍ ወቅቶቹን ተራ በተራ እንመልከት።

በቅድሚያ ሁለት ነገር እናስተውል። አንደኛው የወቅቶቹ ስም ነው። በትምህርት ቤት የአውሮፓን አራት ወቅቶች ስንማር ጸደይን የአበባ ጊዜ አድርገን ተቀብለናል። በአባቶቻችን አቈጣጠር ግን የአበባው ወራት መፀው ነው፤ እርሱም ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ይቈያል። ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 በጋ፥ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ጸደይ፥ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ክረምት ነው። ስሜን የሚገዛው ለዚህ አቈጣጠር ነው።

ሁለተኛው ከፍታ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ስትሆን፥ በፓርኩ ውስጥ ያለው የጨነቅ ሰፈር 3,600 ሜትር ያህል ነው። አየር በየ 1,000 ሜትሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል። ልዩነቱ 1,500 ሜትር ነውና ፒያሳ ላይ ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሲሆን ጨነቅ ላይ 10 ገደማ ይሆናል ማለት ነው። የራስ ዳሸን ጫፍማ ከ 4,500 ሜትር ይበልጣል። እንግዲህ በየትኛውም ወቅት ቢሆን ጋቢ ሳይዙ መሄድ አይገባም።

ክረምት፤ የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው በሰኔና በመስከረም መካከል ነው። ጉሙ ገደሉን ይሞላዋል፤ መንገዱ ይጨቀያል፤ በረዶም ይጥላል። ጎብኚ የሚጠፋው በዚህ ጊዜ ነው። ነገር ግን ተራራውን ተራራ ያደረገው ይኸው ወራት ነው። ስሜን ከ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ ቀልጦ የፈሰሰ ድንጋይ ተደራርቦ የረጋበት አገር ነው። ያንን ድንጋይ እየጠረበ ገደልና አምባ ያደረገው ውሃ ነው። የጅንባር ፏፏቴ በሙሉ ኃይሉ የሚታየው በዚህ ጊዜ ሲሆን፥ ገደሉን የሚጠርበው ዝናብ ከታረሰው ተዳፋት ላይ ደግሞ የገበሬውን አፈር ይዞ ወደ ተከዜ ይወርዳል።

መፀው፤ ዝናቡ ሲያባራ አደይ አበባ ሜዳውን ያለብሳል፤ የጓሳው ሣር ይለመልማል። ጭላዳ ዝንጀሮ እንደ ሌሎቹ ዝንጀሮዎች ፍሬ ፈላጊ አይደለም፤ ዋና ምግቡ ሣር ነውና በዚህ ወራት ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ለምለሙን ይነጫል። ዋልያም ግልገሎቿን አብዛኛውን ጊዜ በመስከረምና በጥቅምት ትወልዳለች። ግልገሉ ሣር በበዛበት ጊዜ እንዲያድግ ተፈጥሮ ቀጠሮውን አስቀድማ ይዛለታለች።

በጋ፤ ሰማዩ ይጠራል፤ ቀኑ ፀሐይ፥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ጎብኚ የሚጐርፈው አሁን ነው። ሣሩ ግን ደርቋል። ጭላዳው ለምለም ሲያጣ በጣቶቹ መሬቱን እየቈፈረ ሥራሥር ይበላል። ጎብኚው «እንዴት ያለ ብልህ እንስሳ ነው!» ብሎ ያደንቃል፤ የሚያየው ግን የችግር ሥራ ነው። የገበሬው ከብትም በዚሁ ወራት ያንኑ ሣር ይፈልጋል። የፓርኩ ክርክር ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ፓርኩ በሕግ የተቋቋመው በ 1962 ዓ.ም. ነው። በ 1970 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። በ 1989 ዓ.ም. ግን ዋልያ በማነሱ፥ እርሻና ግጦሽ በመስፋፋቱ «በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች» ጋር ተቈጠረ። ከዚያ መዝገብ የወጣው በ 2009 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በ 2008 ዓ.ም. ከ 400 የሚበልጡ የግጭ መንደር አባወራዎች ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ ሰፍረዋል። ዋልያ በዱር የሚኖረው በዓለም ላይ በስሜን ብቻ ነውና መጠበቁ ግዴታ ነው። ነገር ግን ያባቱን እርሻና ከብቱን ትቶ የከተማ ኑሮ የጀመረው ገበሬም ዋጋ መክፈሉን መርሳት አይገባም። ቅርስ ተጠበቀ ስንል ማን እንደ ከፈለለት አብረን እንጠይቅ።

ጸደይ፤ ሙቀቱ ይበረታል፤ ዋልያዎች ይጠቃሉ፤ ወንዶቹ ቀንድ ለቀንድ ይማታሉ። ሣሩም አስታውም እንደ ጭድ የደረቀ ነው። በ 2011 ዓ.ም. በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ የተነሣው እሳት ብዙ የጓሳና የአስታ ምድር አቃጥሏል። የአካባቢው ሕዝብ ተረባርቦበታል፤ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፥ ከእስራኤልም የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተው ረድተዋል። እንዲህ ያለ እሳት በነሐሴ ጉም ውስጥ ሊነሣ አይችልም። እሳትም ወቅት አለው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አንድ ጊዜ ብቻ መሄድ የሚችል በመፀው ይሂድ። ሁለት ጊዜ የሚችል በጥቅምትና በመጋቢት ሄዶ በአንዱ ቦታ ላይ ሁለቴ ይቁም። ደብተር ይያዝ፤ ሣሩ ስንት ጣት እንደ ሆነ፥ ጭላዳው ቅጠል ወይስ ሥር እንደሚበላ፥ ስንት ከብት እንደ ተሰማራ ይጻፍ። ገበሬውንም «ዘንድሮ ሣሩ እንዴት ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መሪና ጠባቂ የሚያዘው እዚያ ነው። ከ 2012 ዓ.ም. ወዲህ በወረርሽኝና በጦርነት ምክንያት የጎብኚው እግር ቀጥኗልና ከመነሣት በፊት የመንገዱን ሰላም ማጣራት ያስፈልጋል።

የእንግዳ አገር ሰው ባለው ዕረፍት በጋን አይቶ ቢሄድ አይፈረድበትም። እኛ ግን የምንኖረው ከተራራው ሥር ነው፤ አራቱንም ወቅት ሳናይ «ስሜንን አውቀዋለሁ» ማለት አይገባንም።