ጠባሳና የቆዳ ውጥረት

ሰበታ ላይ በፋብሪካ ሥራ እጁን ቆርቆሮ የቆረጠው፣ ቡራዩ ውስጥ ከግንባታ መወጣጫ ወድቆ ክንዱ የተሰነጠቀ፣ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ልምምድ ሲሠራ ጉልበቱ የተላጠ ወጣት፣ የሦስቱም ቁስል የሚድነው በተመሳሳይ ሂደት ነው። ጠባሳቸው ግን አይመሳሰልም። ምክንያቱን በፊዚክስ ዓይን እንመልከተው።

ቆዳ ሲቆረጥ በመጀመሪያ ደሙ ይረጋል፤ ነጭ የደም ሕዋሳትም ጀርሞችን ያጸዳሉ። ከቀናት በኋላ ፋይብሮብላስት የተባሉ ሕዋሳት ኮላጅን የተሰኘውን ፕሮቲን እያመረቱ ክፍተቱን ይሞላሉ። በጤነኛ ቆዳ ውስጥ የኮላጅን ክሮች እርስ በርስ የተጠላለፉ ናቸው፤ በጠባሳ ውስጥ ግን በአብዛኛው ወደ አንድ አቅጣጫ ይደረደራሉ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ጠባሳው ያለው ጥንካሬ የጤነኛው ቆዳ አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ከወራት በኋላም ቢሆን ከ80 በመቶ ብዙ አያልፍም። ስለዚህ ስፌቱ ወጣ ተብሎ ከባድ ዕቃ ለማንሳት መቸኮል ጠባሳውን ያሰፋዋል።

ክሮቹን የሚደረድራቸው ዋናው ኃይል ውጥረት ነው። ኦስትሪያዊው የአናቶሚ ሊቅ ካርል ላንገር እ.ኤ.አ. በ1861 ባሳተመው ጥናት የአስከሬን ቆዳ በክብ ወስፌ ሲወጋ ቀዳዳዎቹ ሞላላ እንደሚሆኑ አሳየ። ቆዳችን በአንዱ አቅጣጫ ከሌላው ይበልጥ የተወጠረ ነውና። (አንባቢ በተወጠረ ላስቲክ ላይ ሊሞክረው ይችላል፤ በራሱ ቆዳ ላይ ግን አይሞክር!) ውጥረቱን ተከትሎ የተቆረጠ ቆዳ ብዙ አይከፈትም፤ ውጥረቱን አቋርጦ የተቆረጠው ግን አፉን ይከፍታል። የሯጩ ጉልበት ደግሞ በእያንዳንዱ እርምጃ ይሳባል። ፋይብሮብላስትም ሲሳብ ኮላጅን አብዝቶ ያመርታል።

«ቁስል አየር ያግኘው፣ ይድረቅ» የሚለው የተለመደ ምክር ግን ሳይንስ አይደግፈውም። ጆርጅ ዊንተር እ.ኤ.አ. በ1962 በአሳማዎች ላይ ባደረገው ሙከራ፣ ተሸፍኖ እርጥበቱን የጠበቀ ቁስል ደርቆ ቅርፊት ከያዘው በእጥፍ ገደማ ፈጥኖ አዲስ ቆዳ አበቀለ። እንግዲያው ቡና ከመነስነስ በንጹሕ ውኃና ሳሙና ማጠብ፣ ቫዝሊን ቀብቶ በንጹሕ ፋሻ መሸፈን ይበጃል። ጥልቅ ወይም አፈር የገባበት ቁስል ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድና ስለ መንጋጋ ቆልፍ ክትባት መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ ከ2,500 ሜትር በላይ በምትገኘው ሱሉልታ አዲስ ጠባሳ ካልተሸፈነ በቀላሉ ይጠቁራል።

ከቁስሉ ወሰን አልፎ የሚያድገው ኬሎይድ የተባለው ጠባሳ ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሕዝቦች ላይ ይበዛል። ቆርጦ ማውጣት ብቻውን ብዙ ጊዜ መልሶ ያሳድገዋል፤ አዲሱ ቁስል አዲስ ውጥረት ነውና። በቤተሰቡ ኬሎይድ ያለበት ሰው ጆሮውን ከመበሳቱ በፊት የቆዳ ሐኪም ያማክር።